ጣሪያ ሲጠየቅ

ሽምብጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ፣
ዓሣ ዓሣ የሚል ግቢ ነው፣ ሦስተኛው ከመንገዱ።
እትዬ ይታይሽ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤
"ፀሐይ የምትሰቅለው ልጅ አንተ ነህ?" አለችኝ።
"ነኝ፤ ዛሬ ግን አልሰቅልም፤
ጣሪያ ሳይጠየቅ ሸክም አይጫንም።"
"ጣሪያም እንደ ሙሽራ ይጠየቃል?" ብላ ሳቀችብኝ፤
ሳቋን ሳትጨርስ መሰላሉን ያዘችልኝ።

ሃያ አራት ቆርቆሮ ቆጠርኩ። ግማሹ ጣናን ያያል፤
ግማሹ ለሐይቁ ጀርባ ሰጥቶ ወደ አዴት ይመለከታል።
ደህና ነው፣ አልኩ በሆዴ፤ ፀሐይ ጀርባውን ትወዳለች፤
ከመስከረም እስከ ሚያዝያ በዚያ በኩል ታዘግማለች።
የምስማሩን መስመር ይዤ፣ ወራጁ ባለበት፣
ጫማዬን አውልቄ እንደ ድመት ሄድኩበት።

ዝገቱ ከጣና ነው። ሐይቁ ሌሊት ሌሊት ምላሱን እየሰደደ
የምስማሩን ራስ ልሶ ልሶ፣ ቆቡ እየወለቀ ሄደ።
በስተምዕራብ የአቶ አንለይ ማንጎ አጥር ተሻግሯል፤
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጥላው ሦስት ቆርቆሮ ይበላል።
"ቅርንጫፉን ቢቆርጠውስ?" ብዬ ወደ ታች ጮህኩኝ።
"ፍሬውን ስበላ ኖሬ ዛሬ ጥላው ሊከብደኝ?" አለችኝ።

ይሁን። ማንጎ ቀላል ነው፤ ፓነልን ፈቀቅ ማድረግ ይቻላል።
ከባዱ ነገር ከሥር ነው፤ ዓይን ሳያየው ይውላል።

ወርጄ ገባሁ። የማዳበሪያ ከረጢት ነው ኮርኒሱ፤
ጥጉን ስፈታው ወረደ የስንት ክረምት ግሳንግሱ።
በየምስማሩ ቀዳዳ ብርሃን እንደ ፈትል ይወርዳል።
"ሌሊት ሌሊት" አለች ከሥሬ፣ "ኮከብ ሁሉ ይታየኛል።
አንሙት ሳለ በሬንጅ ይደፍነው ነበር፣ በየዓመቱ፤
ከሄደ ወዲህ ማን ይውጣ? እንዲሁ ቀረ ክፍቱ።"
እሱ ነው የሠራው፤ ባሕር ዛፉን ከመራዊ በአይሱዙ ጭኖ፣
በአንድ ጥሩ ዓመት፣ መረቡ ከባድ ሆኖ።

መዶሻዬን ገልብጬ በእጀታው ቆረቆርኩ። እንጨት መልስ አለው፦
ጤነኛው "ቋ!" ይላል፤ የታመመው ዝም ነው።
አንዱ ቋ። ሁለቱ ቋ። ሦስተኛው ቋ።
አራተኛው ጋ
ድምፁ ጠፋ።
መፍቻ ባስጠጋ ዘው አለ፣ እንደ በሰለ ፓፓያ።
ምስጥም ይሉኝታ አለው፤ ልጣጩን አይነካም፤
ውስጡን ጨርሶም ቢሆን ባለቤቱን ሰው ፊት አያሳፍርም።
ከዐሥራ ሦስቱ ወራጅ አምስቱ እንዲህ ሆኑ።

አሁን ሒሳቡን ልናገር። አንዱ ፓነል ሃያ ሁለት ኪሎ፣
አራት ነው፣ ብረቱ ሲቀር። ክብደቱንስ ይችላል ተብሎ
ይታለፍ ይሆናል፤ ነፋሱ ግን? ሚያዝያ ላይ ጣና ሲቆጣ
ፓነሉ ሸራ፣ ቤቱ ጀልባ ሆኖ ሐይቁን ፍለጋ ሊወጣ!

አለቃዬ ደግሞ ጠዋት "ሳትሸጥ እንዳትመጣ" ብሎኛል።
ኪሴ ያውቃል፤ የወሩ ኪራይ ሦስት ቀን ብቻ ይቀረዋል።
እሷም ዓሣ ነው የምትሸጠው፤ መብራት በሄደ ቁጥር
ማቀዝቀዣው ያልበዋል፤ ባለፈው ሳምንት ብቻ
ዐሥራ አንድ ኪሎ ፊሌቶ ተቀበረ ከአጥሩ ሥር።

"ታዲያ?" አለች።
"ገና ነው" አልኳት፤ ቃሉ እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዬን ወጋኝ።
ዝም አለች። ቆይታ፣ ጎንበስ ብላ ከሰል አቀበለችኝ፤
"የሞቱት ላይ ምልክት አድርግ፣ ለአናጢው" አለችኝ።

አራተኛው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አየሁ፤
አንሙት ሲሠራ የቆጠረበት። እጄን አየር ላይ አቆየሁ።
"ምን አገኘህ?"
"አራት ይላል።"
"የሱ አራት" አለች፣ "ወደ ግራ ያጋድላል።"
ሳልነካው፣ ከጎኑ ትንሽ መስቀል አሰመርኩ፤
ያን ቀን እሱን ብቻ ሰቀልኩ።

ይሄኔ "መጣ!" አሉ የሰፈሩ ልጆች፤ ማቀዝቀዣው አስሎ ተነሣ፤
አሁን ትተወዋለች ስል፣ ዞራም አላየችው ጨርሳ።
ዓይኗ ጣሪያው ላይ፣ ጣቶቿን እያጠፈች ወራጅ ከእቁብ ታሰላለች፤
"ፀሐይዋ" አለች በመጨረሻ፣ "እስከ ኅዳር ትጠብቀኛለች?"